ሐይቅን በኦንላይን መማር ይቻላል? ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ስለ ሐይቆችና ስለ አካባቢያቸው በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ግን ሥራዬን ትቼ ዩኒቨርሲቲ መግባት አልችልም። የኦንላይን ኮርሶች ስፈልግ ብዛታቸው ግራ አጋባኝ። አንዱ ስለ ውሃ ጥራት፣ አንዱ ስለ ዓሣ፣ ሌላው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ነው። ከየት ልጀምር? ለመሆኑ ሐይቅ ዳር ሳይደርሱ ሐይቅን መማር ይቻላል? የሚሰጡት ሰርተፊኬትስ ይጠቅማል?»

ምላሽ፦

አዎ፣ ይቻላል። እንዲያውም ከብዙ የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፎች ይልቅ የሐይቅ ሳይንስ ለኦንላይን ትምህርት ይመቻል። ሐይቅ ዳርቻው የታወቀ ነው። የሚገባበት ወንዝ፣ የሚወጣው ወንዝ፣ የሚዘንብበት ዝናብ፣ በትነት የሚያጣው ውሃ ሁሉ ሊለካ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሐይቆችን ከመቶ ዓመት በላይ ሲለኩ ኖረዋል። ከልኬቱም ብዙው ዛሬ በኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። እርስዎ ደግሞ የሒሳብ ሰው ነዎት። ቁጥር የሞላበት ሰንጠረዥ አያስፈራዎትም። ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉት እዚያ ላይ ስለሆነ፣ ጥሩ ስንቅ ይዘው ነው የሚነሱት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልምከርዎ። ኮርስ ከመምረጥዎ በፊት ሐይቅ ይምረጡ።

በኦንላይን ሳስተምር ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ኮርስ እየቀያየሩ ብዙ ቪዲዮ ያዩ፣ ቃላቱን ሁሉ በቃላቸው የያዙ ሰዎች አሉ። «ይህ ሐይቅ ለምን አረንጓዴ ሆነ?» ሲባሉ ግን መልስ ያጥራቸዋል። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ኮርሶቹ ስለ ሐይቆች በጅምላ ስለሚያወሩ ነው። እያንዳንዱ ሐይቅ ጥልቀቱ፣ ነፋሱ፣ ከሥሩ ያለው ድንጋይ፣ ዙሪያውን የከበበው እርሻና ከተማ የራሱ ነው። አንድ ሐይቅ ይዘው ሲማሩ እያንዳንዱ ትምህርት የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል። ይህን ሳይንስ የመሠረተው ስዊዘርላንዳዊው ፍራንሷ አልፎንስ ፎሬልም አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው የጄኔቫን ሐይቅ በማጥናት ነው። ሊምኖሎጂ የሚባለው የትምህርት ዘርፍ የተወለደው ከዚያ ጥናት ነው።

ታዲያ የትኛውን ይምረጡ? ብዙ ሰው መጀመሪያ በሩሲያ ወዳለው የባይካል ሐይቅ ይሄዳል። አልፈርድም፤ ጥልቀቱ 1,642 ሜትር ነው። በምድር ገጽ ላይ ካለው፣ በረዶ ካልሆነ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ አንድ አምስተኛ የሚሆነውን የያዘው እሱ ብቻ ነው። ለጀማሪ ግን ትንሽና ብዙ የተለካ ሐይቅ ይሻላል። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ያለው ሜንዶታ ጥሩ ምሳሌ ነው። መቼ በረዶ እንደያዘና መቼ እንደቀለጠ ከ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደዚሁ ናቸው) ጀምሮ ተመዝግቧል። የሙቀቱ፣ የኦክስጅኑና የንጥረ ነገሩ ልኬትም ለሁሉም ክፍት ነው። በሚያውቁት አካባቢ ያለ ሐይቅ ከመረጡ ደግሞ ልብዎ የበለጠ ይሳባል። በዚያ ጊዜ ሦስት ነገር ያጣሩ። የጥልቀት ካርታ አለው? ቢያንስ የጥቂት ዓመታት ልኬት ይገኛል? ስለሱ የተጻፈ ጥናት አለ? ሦስቱም ከሌሉ እንደ ሁለተኛ ሐይቅ ይያዙት።

አሁን ወደ ትምህርቱ ቅደም ተከተል ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ዋናው ጉዳይ ይህ ነውና።

ከዓሣ አይጀምሩ። ዓሣ ደስ ይላል፣ ቪዲዮውም ያምራል። ነገር ግን ዓሣው የሚኖርበትን ውሃ ሳያውቁ ስለ ዓሣው የሚማሩት ሁሉ ሽምደዳ ይሆናል። ከሙቀት ይጀምሩ።

ውሃ አንድ እንግዳ ጠባይ አለው። በጣም የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ይቀላል፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝም ይቀላል። በክረምት ቀዝቃዛ አገር ያሉ ሐይቆች ከላይ በረዶ ይዘው እስከ ታች ድረስ በረዶ የማይሆኑት ለዚህ ነው። ፀሐይ የሐይቁን ገጽ ስታሞቅ የላይኛው ውሃ ቀላል ሆኖ፣ ዘይት በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፈው፣ ከቀዝቃዛው በላይ ይተኛል። በመካከላቸው ሙቀቱ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ቶሎ የሚወርድበት ንብርብር ይፈጠራል። ቴርሞክላይን ይባላል። ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ያማስለዋል፤ ይህን ድንበር አልፎ የታችኛውን ለመቀላቀል ግን ጉልበት ያጥረዋል።

ይህ ለምን ይህን ያህል ጉዳይ ይሆናል? ኦክስጅን የሚገባው ከላይ ነው። ከአየር ይሟሟል፤ ብርሃን ባለበት ደግሞ አልጌ የሚባሉት፣ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ዕፅዋት መሰል ጥቃቅን ፍጥረታት ያመነጩታል። ታች ያለው ውሃ ከሁለቱም ተለይቷል። እዚያ የሚወርደው የሞተ ነገር ሲበሰብስ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ኦክስጅን ሲያልቅ በደለሉ ውስጥ ከብረት ጋር ተጣብቆ የቆየው ፎስፎረስ ይለቀቅና ወደ ውሃው ይመለሳል። ከዚያ ነፋስ ወይም ቅዝቃዜ ንብርብሩን ሲያፈርሰው ያ ሁሉ ንጥረ ነገር ወደ ላይ ይወጣል። አልጌው ይፈላል። አንዳንድ ጊዜ ዓሣ በጅምላ የሚሞተውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ኦክስጅን የሌለው ውሃ በድንገት ወደ ላይ ስለሚመጣ። ሰዎች «መርዝ ተጨመረበት» ይላሉ። ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የሙቀቱንና የኦክስጅኑን ልኬት መጠየቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ጋ ስለ ኮርሶቹ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አብዛኞቹ የተዘጋጁት በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ነው። ምሳሌያቸውም በክረምት በረዶ የሚይዝ፣ በፀደይና በመኸር ሙሉ በሙሉ የሚገለባበጥ፣ ማለትም የላይኛውና የታችኛው ውሃው የሚቀላቀል ሐይቅ ነው። ሞቃት አካባቢ ያሉ ሐይቆች እንዲህ አይሠሩም። ከላይና ከታች ያለው የሙቀት ልዩነት ሁለት ሦስት ዲግሪ ብቻ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ልዩነቱ ትንሽ ነው ብሎ ያልፈዋል። ተሳስቷል። ውሃ ከ25 ወደ 26 ዲግሪ ሲሞቅ የሚቀለው፣ ከ5 ወደ 6 ሲሞቅ ከሚቀለው አሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በሞቃት ሐይቅ ትንሽ የዲግሪ ልዩነት ጠንካራ ድንበር ይሠራል። በዚያ ላይ ሞቃት ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ አነስተኛ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ፣ በ30 ዲግሪ 7.5 ገደማ ብቻ ይይዛል። ሲጀመር ትንሽ ስለሆነ፣ ለማለቅም ቅርብ ነው። የመረጡት ሐይቅ ሞቃት አካባቢ ያለ ከሆነ የኮርሱን ምሳሌ እንዳለ አይውሰዱት።

ጨርሶ የማይገለባበጡ ሐይቆችም አሉ። በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ታንጋኒካ 1,470 ሜትር ይጠልቃል፤ ታችኛው ውሃው ኦክስጅን የለውም። በካሜሩን የሚገኘው ኒዮስ የተባለ ሐይቅ ደግሞ ከሥሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያጠራቅም ቆይቶ በነሐሴ 1986 በድንገት ለቀቀው። ከ1,700 በላይ ሰዎች በአንድ ሌሊት አለቁ። የንብርብር ትምህርት ደረቅ ከመሰለዎት ኒዮስን ያስቡ።

ከሙቀት ቀጥሎ ብርሃን ነው። ይህ ክፍል ለሒሳብ ሰው ይመቻል። በ1865 ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጀሎ ሴኪ ነጭ ክብ ሳህን በገመድ ወደ ባሕር እያወረደ የውሃውን ጥራት ለካ። ሳህኑ ከዓይን የሚጠፋበት ጥልቀት የውሃው መለኪያ ሆነ። በሐይቆች ላይ ዛሬም የምንጠቀመው ይህንኑ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን፣ ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባውን። ሮበርት ካርልሰን በ1977 ከዚህ ልኬት ቀላል ቀመር አወጣ። 60 ይይዙና፣ የሜትሩን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም በ14.41 አባዝተው ይቀንሱለታል። ሳህኑ 1 ሜትር ላይ ከጠፋ 60፣ 2 ሜትር ላይ 50፣ 4 ሜትር ላይ 40 ይወጣል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሐይቁ በንጥረ ነገር እየበለጸገ፣ አልጌውም እየበዛ ነው ማለት ነው። አንድ ምሽት ተቀምጠው የሐይቅዎን የብዙ ዓመት ልኬት በዚህ ቀመር ያስሉት። ግራፍ ያውጡለት። ከብዙ ሰዓት ቪዲዮ የበለጠ ያስተምርዎታል። አንድ ነገር ግን ያስታውሱ። ውሃው የደፈረሰው በአልጌ ሳይሆን በጭቃ ከሆነ ቀመሩ ያሳስታል። የአፈር መሸርሸር ባለበት ተፋሰስ ይህ የተለመደ ነው።

ከዚያ በኋላ ንጥረ ነገሮች ይመጣሉ፤ ፎስፎረስና ናይትሮጅን። እዚህ ላይ በማንኛውም ጥሩ ኮርስ ሊያገኙት የሚገባ አንድ ሙከራ አለ። በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ለሙከራ በተከለሉ ሐይቆች መካከል፣ 226 የሚል ቁጥር የተሰጠው ሐይቅ ነበር። በ1973 ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ ሐይቁን ወገቡ ላይ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በሁለቱም በኩል ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ። በአንዱ በኩል ብቻ ፎስፎረስ አከሉበት። ፎስፎረስ የገባበት ወገን አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው ጥቁር ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ከአውሮፕላን የተነሳው ፎቶ ማንም ሊክደው የማይችል ማስረጃ ሆነ። ፎስፎረስ ያለባቸው ሳሙናዎች ላይ ገደብ እንዲጣል የተደረገውን ክርክርም አጠናከረ። ዛሬ ግን ክርክሩ አልተዘጋም። ናይትሮጅንም መቀነስ አለበት የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ በብዙ ሐይቆች ሁለቱም በአንድነት ይሠራሉ። ኮርሱ ይህን ክርክር ካነሳ አስተማሪው የዘመኑን ነገር የሚያውቅ ነው።

የዋሽንግተን ሐይቅንም ይፈልጉ፤ በሲያትል ከተማ አጠገብ ያለው ነው። የከተሞቹ ፍሳሽ ይገባበት ነበር። ከ1963 እስከ 1968 ድረስ ፍሳሹ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዞር ተደረገ። ሐይቁ ጠራ። ከዚያ በ1976 አንድ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ዳፍኒያ የምትባለው፣ አልጌ የምትበላ ጥቃቅን ፍጥረት በዛችና ውሃው ይበልጥ ጠራ። አሁን ወደ ምግብ ሰንሰለት ገባን ማለት ነው። ዓሣ ዳፍኒያን ይበላል፣ ዳፍኒያ አልጌን ትበላለች። ስለዚህ በዓሣው ላይ የሚደረግ ለውጥ እስከ ውሃው ቀለም ይደርሳል። የዓሣ ትምህርት ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ሲደርሱ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ የናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ አዳኝ ዓሣ ከገባ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩት የሐይቁ የራሱ ዓሣ ዝርያዎች ምን እንደደረሰባቸው ሲያነቡ፣ ነገሩ የዓሣ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ይገባዎታል። በኋላ የመጣው እምቦጭ አረምም ያው ነው። ፎስፎረስና ናይትሮጅን ሳይበዛለት እንደዚያ አይንሰራፋም። አረሙን ነቅሎ ምንጩን መተው ሥራውን መልሶ መልሶ መሥራት ነው።

የጠየቁኝ ስለ ሐይቅ አካባቢም ጭምር ስለሆነ፣ ዓይንዎን ከውሃው ላይ አንስተው ዙሪያውን ይመልከቱ። ሐይቅ ተፋሰሱ የሚልክለትን ይቀበላል። የዳር ረግረግና ቄጤማ ደለሉንና ማዳበሪያውን ያስቀራል፤ ለዓሣ መራቢያም ይሆናል። ረግረጉ ሲታረስ ሐይቁ ያለ ማጣሪያ ይቀራል። በኮርስ ዝርዝር ላይ «ተፋሰስ» የሚል ሳምንት ካላዩ ያ ኮርስ ጎዶሎ ነው።

ኮርሱን የት ያገኛሉ? ኮርሴራና ኤድኤክስ በሚባሉት የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጾች ላይ ስለ ውሃ ብዙ አለ። «ሊምኖሎጂ» ብለው ቢፈልጉ ጥቂት ነው የሚወጣው፤ «የውሃ ጥራት» እና «የውሃ ሥነ ምህዳር» ብለው በእንግሊዝኛ ቢፈልጉ ይሻላል። አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ መሆኑን አስቀድመው ይወቁት። ከዚህ ጠለቅ ላለ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ጌምስ ውሃ የሚባል የውሃ ጥራት መርሐ ግብር አለው። የአቅም ግንባታ ማዕከሉ በአየርላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኮርክ ውስጥ ሲሆን በኦንላይን ያስተምራል። በኔዘርላንድ ያለው አይኤችኢ ዴልፍትም የታወቀ የውሃ ትምህርት ተቋም ነው፤ የኦንላይን ኮርሶች አሉት፣ በነጻ የለቀቃቸው የትምህርት ቁሳቁሶችም አሉ። ለእርስዎ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው ፕሮጀክት ኤዲ የሚባለውን ነው። ቪዲዮ አይደለም። እውነተኛ የሐይቅ ዳታ ሰጥቶ በራስዎ እጅ እንዲያሰሉ የሚያደርግ የልምምድ ስብስብ ነው፤ ነጻ ነው። ከ2005 ጀምሮ ግሌዎን በሚል ስም የተሰባሰቡ የሐይቅ ተመራማሪዎችም ከልምምዶቹ በተወሰኑት ላይ እጃቸው አለበት።

ማንኛውንም ኮርስ ከመመዝገብዎ በፊት የሳምንታቱን ዝርዝር ያንብቡ። ዳታ ይሰጣል ወይስ ማዳመጥ ብቻ ነው? ስለ ንብርብር ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? በአሥር ደቂቃ ካለፈው ይለፉት። በነጻ ማየት ምን እንደሚፈቅድም ያረጋግጡ። አንዳንዱ ቪዲዮውን ከፍቶ መልመጃውን ይዘጋል፤ ያለ መልመጃ ደግሞ ግማሽ ትምህርት ነው።

ሳተላይትም አለልዎ። ላንድሳት ከ1972 ጀምሮ የምድርን ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል። ሴንቲኔል 2 ደግሞ እስከ 10 ሜትር ድረስ ለይቶ ያሳያል። የሁለቱም ምስል በነጻ ነው፤ የሴንቲኔልን ምስል ኮፐርኒከስ ብራውዘር በሚባለው ድረ ገጽ ላይ የሐይቅዎን ስም ጽፈው ቀን እየመረጡ ማየት ይችላሉ። ከዝናብ በኋላ ወንዙ ደለል ሲያስገባ፣ አልጌ ወደ አንድ ዳር ሲነዳ በግልጽ ይታያል። የምድር የገጸ ውሃ ካርታም ከ1984 ወዲህ ዳርቻው የት እንደሸሸ ያሳይዎታል። ሳተላይት ግን የሚያየው ገጹን ነው። ታች ኦክስጅን ያለቀበትን ሐይቅ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልመለስ። ስክሪን የማያስተምረው ነገር አለ። ናሙና መውሰድ፣ የመለኪያ መሣሪያ ማስተካከል፣ በማይክሮስኮፕ አልጌን ከአልጌ መለየት በእጅ የሚለመድ ሥራ ነው። ከሐይቅ ሥር የወጣ ደለል እንደ በሰበሰ እንቁላል ሲሸትዎት ኦክስጅን አልባ ውሃ ምን እንደሆነ አይረሱትም። ይህን ምንም ቪዲዮ አይተካውም። ግን ትልቅ ሐይቅ አያስፈልግዎትም። ኩሬ፣ የግድብ ውሃ፣ ማንኛውም የቆመ ውሃ ይበቃል። ሳህንና ሜትር የተለካበት ገመድ ያዘጋጁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በእኩለ ቀን አካባቢ፣ ከጥላው በኩል ያውርዱት። የሚጠፋበትንና ሲስቡት እንደገና የሚታይበትን ጥልቀት ይጻፉ፤ አማካዩን ይውሰዱ። የውሃውን ሙቀትና የዕለቱን ነፋስ ያክሉበት። ብቻዎን ጀልባ ላይ አይውጡ። አረንጓዴ ቅባት የመሰለ ነገር ያረፈበትን ውሃ በእጅዎ አይንኩ፤ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባሉት ባክቴሪያዎች መርዝ ሊያመነጩ ይችላሉ። በነሐሴ 2014 በአሜሪካ ከኢሪ ሐይቅ የሚቀዳው የቶሌዶ ከተማ ውሃ በዚህ መርዝ ምክንያት ለቀናት አትጠጡ ተብሎ ነበር። ማፍላትም አያስወግደውም።

ስለ ሰርተፊኬቱ በግልጽ ልንገርዎ። የአጭር ኮርስ ሰርተፊኬት ብቻውን በዚህ ሙያ ሥራ አያስቀጥርም። ቀጣሪ የሚጠይቀው ምን መሥራት እንደሚችሉ ነው። ስለ መረጡት ሐይቅ ከአሥር ገጽ ያልበለጠ ሪፖርት ቢጽፉ፣ ዳታው ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንዳሰሉት፣ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ ቢያስረዱ፣ ከብዙ ሰርተፊኬት ይበልጣል። የውሃ ተቋማት ዳታ አላቸው፤ ዳታውን የሚያነብላቸው ሰው ነው የሚያጥራቸው። በእርስዎ ሙያ ላይ የሐይቅ እውቀት ከተጨመረ ያንን ቦታ መሙላት ይችላሉ። በኋላ ዲግሪ ካሰቡ ደግሞ ለዲግሪ የሚቆጠር ኮርስ መሆኑን አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ።

በዚህ ሳምንት ለኮርስ አይክፈሉ። ሁለት ሦስት ሐይቆችን ያወዳድሩና አንዱን ይያዙ። የጥልቀት ካርታውን ያውርዱ። በተለያየ ወር የተወሰዱ ሁለት የሙቀት ልኬቶችን ፈልገው፣ ጥልቀቱን ወደ ታች አድርገው ግራፍ ይሳሉባቸው። መስመሩ በድንገት የሚታጠፍበት ቦታ ካለ ቴርሞክላይኑ እሱ ነው። ከሌለም መረጃ ነው፤ ነፋሱ እስከ ታች እያማሰለው ይሆናል። በሐይቅ ምርጫው ከተቸገሩ ያሰቧቸውን ስሞችና ያገኙትን ዳታ ይጻፉልኝ፤ የትኛው እንደሚሻል እነግርዎታለሁ።